ቀለል ያለ፣ ገንቢ ጨጨብሳ

በኢትዮጵያና በጅቡቲ ወሰን ላይ ባለችው በገላፊ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ይበረታል። ለሥራ ሲጣደፉ ለልጆችዎ ቂጣ በቅቤ አርሰው ይሰጡ ይሆናል። ልጁ ይጠግባል፤ ጥጋብ ብቻውን ግን አያሳድግም። ቂጣና ቅቤ በይበልጥ ኃይል ሰጪ ናቸው። ሰውነትን የሚገነባው ፕሮቲን ነው።

በኦስትሪያ አገር ካይዘርሽማረን የሚሉት የጨጨብሳ ዘመድ የሆነ ምግብ አለ። በእንቁላልና በወተት የተበጠበጠ ሊጥ ተጋግሮ መጥበሻው ላይ እንዳለ ይቆራረሳል። እኛም ዘዴውን ወስደን ሽምብራ እንጨምርበት።

ለ3 ልጆች 1 ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ ብርጭቆ ቅመም የሌለው የሽምብራ ዱቄት፣ 3 እንቁላልና 1 ብርጭቆ ወተት ያዘጋጁ። የፍየል ወተትም ይሆናል፤ አስቀድሞ ግን ይፈላ፤ ይቀዝቅዝም። ዱቄቱን፣ አስኳሉን፣ ወተቱንና ጥቂት ጨው አንድ ላይ ይበጥብጡ። የእንቁላሉን ነጭ ለብቻ አረፋ እስኪሆን መትተው በቀስታ ይቀላቅሉ፤ ሊጡን የሚያቀልለው ይኸው ነው። መጥበሻውን 1 የሻይ ማንኪያ ቅቤ ቀብተው፣ በመጠነኛ እሳት ከድነው ያብስሉ። ገልብጠው ውስጡ ሲበስል ይቆራርሱት።

አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። በስንዴው ፕሮቲን የጎደለውን ደግሞ ሽምብራው ይሞላል። እንቁላል ከተወደደ አንዱን ቀንሰው ሽምብራውን ከፍ ያድርጉ።

ማር ቢያክሉበት ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይስጡ። የተረፈውንም አያሳድሩ፤ በዚህ ሙቀት ቶሎ ይበላሻል።