ገዥና ሻጭ ሳይተያዩ፦ የሲዳማ ቡና በበይነ መረብ ጨረታ አመኔታ ያገኘበት መንገድ

በሐዋሳ ከተማ የሚገኘው ጉዱማሌ በ2008 ዓ.ም በዩኔስኮ የተመዘገበው የፍቼ ጨምበላላ በዓል በየዓመቱ በአደባባይ የሚከበርበት ሥፍራ ነው። በዚህ ማኅበረሰብ ባህል በሰዎች መካከል የተነሳ ክርክር በሶንጎ ሽማግሌዎች ፊት ይቀርባል፤ እውነቱ፣ በሲዳምኛ «ሀላሌ»፣ እስኪወጣ ድረስም ይመረመራል። ጥፋቱ ተረጋግጦበት ለመካስ እምቢ ያለ ሰው ከማኅበራዊ ኑሮ ይገለላል። ገበያም ለዘመናት የቆመው በተመሳሳይ ምሰሶ ላይ ነው። በሬ የሚሸጥ ሰው የሚፈራው ሕግን ብቻ ሳይሆን በሚቀጥለው የገበያ ቀን ዳግም የሚያገኘውን ገዥ ጭምር ነው።

በበይነ መረብ በሚካሄድ ጨረታ ይህ ሁሉ የለም። ገዥው ባሕር ማዶ ነው፤ ዕቃውን በእጁ አልዳሰሰም፤ የሻጩንም ጎረቤት ጠይቆ ስለ ጠባዩ ሊረዳ አይችልም። እንዲህም ሆኖ በሰኔ 2012 ዓ.ም የሲዳማው ቡና አምራች ንጉሴ ገመዳ ያቀረቡት ቡና በበይነ መረብ ጨረታ አንዱ ፓውንድ በ185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጠ። ፓውንድ ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላ በመሆኑ ዋጋው በኪሎ ከ400 ዶላር በላይ ነበር። በዚያው ወቅት በዓለም ገበያ የአንድ ፓውንድ አረቢካ ቡና ዋጋ በ1 ዶላር አካባቢ ይዋዥቅ ነበር። በዓመቱ ደግሞ የቤንሳው ታምሩ ታደሰ ቡና በፓውንድ 330 ዶላር አወጣ።

ያላየውን ቡና በዚህ ዋጋ የሚገዛ ሰው ምን ተማምኖ ነው? መልሱ የሚገኘው ከጨረታው ዕለት በፊት በተሠራው ሥራ ውስጥ ነው። ሁለቱም ቡናዎች የተሸጡት «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» በተባለው የቡና ጥራት ውድድር ሲሆን፣ ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1999 በብራዚል ተጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ2012 ዓ.ም ነው። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ከ1,400 በላይ ናሙናዎች ቀረቡ። ናሙናዎቹ ስም የላቸውም፤ ያላቸው የምሥጢር ቁጥር ብቻ ነው። ቀማሾቹ ቡናው የታዋቂ ነጋዴ ይሁን የአንድ ገበሬ ሳያውቁ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ያለፈው እንደገና ይቀመሳል። በመጨረሻ ለጨረታ የቀረቡት 28 ብቻ ነበሩ። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የውጭ ዳኞች መምጣት ባለመቻላቸው ናሙናዎቹ ወደ ውጭ አገር ቤተ ሙከራዎች ተልከው ተቀመሱ። ሽያጩ ይህን ሁሉ አልፎ መሳካቱ ገዥዎች ያመኑት ድረ ገጹን ሳይሆን በቡናው ሽያጭ የማይጠቀመውን ቀማሽ መሆኑን ያሳያል።

ችግሩ ለቡና ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ፒየር ኦሚድያር የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የመሠረተው፣ በኋላ ኢቤይ የተባለው የጨረታ ገበያ በመጀመሪያ የሸጠው የተበላሸ የሌዘር መብራት ነበር፤ በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም። ሻጩ ዕቃው የተበላሸ መሆኑን ገዥው መረዳቱን ጠይቆ ማረጋገጡ ይነገራል። በዓመቱ ገዥና ሻጭ አንዱ ስለሌላው ለሕዝብ የሚታይ ምስክርነት እንዲጽፉ ተደረገ። ይህ የሶንጎን ያህል ባይሆንም ስምን ወደ ገበያው የመመለስ ሙከራ ነበር። ጉድለቱ ግን ውሎ አድሮ ታየ። ቅሬታ የጻፈ ገዥ በሻጩ በኩል የብቀላ አስተያየት ስለሚጻፍበት ብዙው ሰው ዝም አለ፤ ምስጋናውም በዛ። ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ2008 ሻጮች በገዥዎች ላይ አሉታዊ አስተያየት እንዳይጽፉ ከለከለ። የምስጋና ብዛት ብቻውን ዋስትና የማይሆነው ለዚህ ነው፤ ተበዳይ ያለ ፍርሃት መናገር መቻል አለበት።

በከተሞቻችን በቴሌግራም የሚካሄደው ንግድ በአንጻሩ እዚህ ደረጃ ላይ እንኳ አልደረሰም። ገንዘቡ በስልክ በቅጽበት ይተላለፋል፤ ዕቃው ግን ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል። ገዥው ዕቃውን ተቀብሎ እስኪያረጋግጥ ገንዘቡን በአደራ የሚይዝ ሦስተኛ ወገን በአብዛኛው የለም። የገጹን ስም ቀይሮ በሌላ መምጣትም ቀላል ነው። ስለዚህ ብዙ የከተማ ነዋሪዎች ዕቃውን በአካል ካላዩ አንከፍልም ማለታቸው ከኋላ ቀርነት ሊቆጠር አይገባም፤ ትክክለኛ ስሌት ነው።

ሥራው በኮምፒውተር መከናወኑም በራሱ አመኔታ አያመጣም። በሐምሌ 2014 ዓ.ም በአዲስ አበባ የወጣው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ፣ መመዘኛውን የማያሟሉ ሰዎች በሥርዓቱ ውስጥ ተካተው በመገኘታቸው በከተማ አስተዳደሩ ተሰርዟል። ዕጣ ከጨረታ ይለያል። ነገር ግን ወደ ማሽኑ የሚገባውን መረጃ ከውጭ ሆኖ አስቀድሞ የሚፈትሽ ከሌለ ውጤቱን ማን እንዲያምን ይጠበቃል?

በአገራችን ይህን ጥያቄ በሰፊው ለመመለስ የሞከረው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። ሐዋሳም መጋዘንና የቅምሻ ማዕከል አለው። ቡናው አስቀድሞ መጋዘን ይገባል፣ ይመዘናል፣ ይቀመሳል፣ ደረጃ ይሰጠዋል፤ የገዥው ገንዘብም አስቀድሞ በባንክ ይያዛል፤ ክፍያው በማግሥቱ ለሻጩ ይደርሳል። መጀመሪያ በእጅ መዳፍ ተመታትቶ ይካሄድ የነበረው ግብይት እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሲዛወር ሥርዓቱ ያልፈረሰው መሠረቱ አስቀድሞ ስለተጣለ ነው። ቡና ሰጥቶ ገንዘብ መከልከል፣ ገንዘብ ሰጥቶ ቡና ማጣት በዚህ መንገድ ተቀረፈ።

ይህ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። ቡናው «ሲዳማ» ተብሎ በደረጃ ሲመደብ የአምራቹ ስም ይጠፋል። እንደ ንጉሴ ገመዳ ያለ አምራች ቡናውን በዚያ መንገድ ቢያስገባ ኖሮ ከሌላው ጋር ተደባልቆ በደረጃው ዋጋ በተሸጠ ነበር። ምርት ገበያው አመኔታን የገነባው ስምን በማጥፋት ነው፤ ውድድሩ ደግሞ በቅምሻ ጊዜ ስምን ደብቆ በሽያጭ ጊዜ በመግለጥ። ሁለተኛው መንገድ የተሻለ ቢመስልም የሚያስተናግደው እጅግ ጥቂት ቡና ነው፤ በፓውንድ 330 ዶላርም የሽልማት ዋጋ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። በ2009 ዓ.ም የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ከምርት ገበያው ውጭ ላሉ የሽያጭ መንገዶች በር መክፈቱ በሁለቱ መካከል ያለውን ሰፊ ቦታ ለመሙላት ያግዛል።

ከሁለቱም በታች ግን ገበሬው አለ። በአዝመራው ወቅት ቀይ እሸት ቡናውን ተሸክሞ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ የሚሄደው አነስተኛ አምራች የምሥጢር ቁጥርም፣ ገለልተኛ ቀማሽም፣ በባንክ የተያዘ ገንዘብም አያገኝም። ሚዛኑ የገዥው ነው፤ የዕለቱን ዋጋም ብዙ ጊዜ የሚነግረው ገዥው ነው። እሸት ውሎ ካደረ ስለሚበላሽም ዋጋው ካልተስማማው ወደ ቤቱ ሊመልሰው አይችልም። ጨረታው የቱንም ያህል ግልጽ ቢሆን ግልጽነቱ የሚጀምረው ቡናው ከገበሬው እጅ ከወጣ በኋላ ነው።

በዚህ ረገድ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ልምድ ሊታይ የሚገባው ነው። አባሉ እሸቱን ሲያስረክብ በኪሎ የተመዘገበበት ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ ማኅበሩ ወይም ዩኒየኑ ቡናውን ሸጦ ሲያተርፍ በዚያው ደረሰኝ ላይ በሰፈረው መጠን ሁለተኛ ክፍያ ይታሰብለታል። በወረዳ ደረጃ ሚዛን የሚመረምሩ ባለሙያዎች በአዝመራው ወራት በጣቢያዎች መገኘት ቢችሉ፣ የዕለቱ ዋጋም በሲዳምኛ በሬዲዮ ቢነገር፣ ይህ አሠራር ከማኅበራቱ ውጭ ለሚሸጡትም ሊደርስ ይችላል። አሁን ባለው ሁኔታ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ገበሬ ቡናው ባሕር ማዶ በስንት እንደተሸጠ ቢሰማ እንኳ ድርሻውን የሚጠይቅበት ወረቀት በእጁ የለም።