የሐይቁ ልጅ ኮምፒውተር እና የውጫሌ ውል

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሐይቅ ከተማ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። ደሴ ላይ የኮምፒውተር ትምህርት ይማራል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን እናቱ ዘንድ ነው። ሰላምታው ከወትሮው ሲረዝምብኝ ገንዘብ ሊጠይቅ መሆኑ ገባኝ።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተር ቢገዙልኝ ብዬ ነበር።»

«አንድ የለህም እንዴ?»

«ያለኝማ ለጽሕፈት ነው። በኢንተርኔት ስጫወት ሁልጊዜ የምሸነፈው በእሱ ምክንያት ነው። ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ 185 ሺሕ ብር አግኝቻለሁ።»

ከበስተጀርባ የእህቴ ድምፅ ተሰማ። «ወንድምዓለም፣ እንዳትሰማው! ለጨዋታ ነው!»

እኔ የተማርኩት ሕግ ነው። ስለ ጨዋታው የማውቀው ነገር የለም። ይሁን እንጂ ልጁ ያቀረበው ነገር ክስ መሆኑን ለመረዳት የጨዋታ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። «ያሸነፈኝ ተጋጣሚዬ ሳይሆን ኮምፒውተሬ ነው» እያለ ነው። ክስ ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል። 185 ሺሕ ብር ቅጣት ከመክፈሌ በፊት ጉዳዩን መመርመር ነበረብኝ። አንድ መሐንዲስ ወዳጄን ይዤ ምርመራውን ስጀምር፣ የአንድ ልጅ የጨዋታ ጥያቄ የመሰለኝ ነገር የአገር ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። ተከሳሾቹም ሦስት ሆኑ።

አንደኛ ተከሳሽ፦ ኮምፒውተሩ

ወዳጄ እንዳስረዳኝ ስክሪን ላይ የሚታየው ጨዋታ እንደ ፊልም ተከታታይ ሥዕል ነው። ግራፊክስ ካርዱ በሰከንድ 60 ሥዕል መሥራት ከቻለ እንቅስቃሴው ለዓይን ይለሰልሳል። 20 ብቻ ከሆነ ይንተፋተፋል። ፕሮሰሰሩ የጨዋታውን ሒሳብ ይሠራል፤ ራሙ በሥራ ላይ ያለውን ሁሉ ይይዛል። ኤስኤስዲ የሚባለው ማከማቻ ጨዋታው ቶሎ እንዲከፈት ያደርጋል እንጂ ከተከፈተ በኋላ ተጫዋቹን ብዙም አያፈጥነውም።

የልጁ ማሽን 8 ጊጋ ባይት ራምና አሮጌ ሃርድ ዲስክ እንጂ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ስለዚህ አንደኛው ተከሳሽ ከጥፋት ነፃ አይደለም። ግን እንደ ዶታ 2 እና ቫሎራንት ያሉ በመላው ዓለም የሚዘወተሩ ጨዋታዎች ሆን ተብለው በመካከለኛ ኮምፒውተር እንዲሠሩ የተዘጋጁ ናቸው። ውዱን ዕቃ የሚጠይቁት ለዓይን ያማሩት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በአብዛኛው ብቻን የሚጫወቷቸው ናቸው።

ዋጋውን በተመለከተ ነጋዴውን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከዚያም ቀጠለ። በዚያ ላይ ከ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች የማስታወሻ ቺፕ ስለተሻሙ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ንሯል። ርካሽ ነው ተብሎ ያገለገለ ኮምፒውተር የሚገዛም ቢጠነቀቅ ይሻላል፤ ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፣ ብዙዎቹ አሮጌ ማሽኖች ደግሞ ተተኪውን አይቀበሉም።

አንድ ሱቅ ገባን። ሻጩ «አርቲኤክስ 4060» የሚል ምልክት የተለጠፈበት ላፕቶፕ አሳየን። ወዳጄ «ስንት ዋት ነው?» ሲለው ሻጩ እንደ ተሰደበ ሰው ተመለከተን። ለካ በዚህ ስም የሚጠራው የላፕቶፕ ካርድ፣ እንደ ላፕቶፑ አሠራር ከ35 እስከ 115 ዋት ኃይል እንዲወስድ ተደርጎ ሊመጣ ይችላል። ስሙ አንድ፣ ምልክቱ አንድ፣ ጉልበቱ ግን የተለያየ።

በዚህ ጊዜ ሐሳቤ ወደ አምባሰል ሄደ። ከሐይቅ ወደ ወልዲያ ሲጓዙ የሚገኘው ውጫሌ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውና በዚሁ ስፍራ ስም የሚጠራው ውል ሁለት ቅጂ ነበረው። በአንቀጽ 17 የአማርኛው ቅጂ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ አማካይነት መጠቀም እንደሚችሉ ሲገልጽ፣ የኢጣሊያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ አደረገው። በ«ይችላሉ» እና በ«ይገደዳሉ» መካከል ያለው ልዩነት እስከ ዐድዋ አደረሰን። የሕግ ትምህርት ቤት ስገባ አስተማሪያችን የውል አተረጓጎምን ያስጀመረን በዚሁ ነበር። የአምባሰል አፈር ያስተማረን ነገር ቢኖር፣ በአንድ ስም ሁለት ነገር ሲሸጥ ዝም ያለ ሰው ኋላ ብዙ እንደሚከፍል ነው።

ስለዚህ ሻጩን «የካርዱን ሙሉ ስምና ዋት በደረሰኙ ላይ ጻፍልኝ» አልኩት።

«አባቴ፣ እኔን አያምኑኝም?»

«አምንሃለሁ። የማምንህን ያህል ጻፍልኝ።»

አልጻፈም፤ እኔም አልገዛሁም። አንባቢዬ ይህን ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል። ገዢም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን ማስታወቅ አለበት። ነገር ግን ውሉ ላይ «ላፕቶፕ፣ 1» ብቻ ከተጻፈ ዳኛው ዕቃውን ከምን ጋር ያመሳክረው? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንላለን፤ ባዶ ወረቀት ግን መጀመሪያውኑ የያዘው ነገር የለም።

ሁለተኛ ተከሳሽ፦ መንገዱ

ወዳጄ አንድ ምክር ሰጠኝ። «ልጁ አሁን ባለው ኮምፒውተር ፒንግ ይለካ።» ፒንግ ማለት ከቤት የወጣ መልእክት ጨዋታው የሚካሄድበት ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ የሚለካውም በሰከንድ አንድ ሺሕኛ ነው። ልጁ ለአንድ ሳምንት እየለካ ላከልኝ። ከንጋቱ 11 ሰዓት 150 አካባቢ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ደግሞ ከ300 በላይ። ኮምፒውተሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ሰዓቱ ነው።

ነገሩ በሒሳብ ቀላል ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺሕ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከሐይቅ እስከ ፍራንክፈርት በአየር መስመር እንኳ ከ5 ሺሕ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ደርሶ መልሱ ከ10 ሺሕ በላይ ነውና ምንም ነገር ሳያጋጥመው ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም። ዱባይ ያለ ሰርቨር 2 ሺሕ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ከ20 ትንሽ በላይ ይበቃው ነበር፤ መንገዱ ቀጥታ ቢሆን። መንገዱ ግን ቀጥታ አይደለም። ወደብ የሌለን ስለሆንን መልእክቱ በጎረቤት አገር በኩል ወደ ባሕር ገመድ መውጣት አለበት። ቀይ ባሕር ውስጥ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የካቲትና በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜ ገመዶች ሲበጠሱ የብዙ አገሮች ኢንተርኔት ተጎትቷል። በዚህ ላይ ከማማው እስከ ቤት ያለው የሞባይል መስመር መጨናነቅ ሲጨመርበት፣ ፍራንክፈርት ያለው ልጅ ተኩሶ ከጨረሰ በኋላ የሐይቁ ልጅ ጠላቱን ገና ያያል።

185 ሺሕ ብር የሚያወጣ ግራፊክስ ካርድ ቀይ ባሕርን አያሳጥርም። ልጁ ሥዕሉን አሳምሮ ይሸነፋል እንጂ መሸነፉ አይቀርም።

እዚህ ላይም የውጫሌ ውል ይከተለናል። በዓለም ላይ የኢንተርኔት ጥቅል የሚሸጠው በ«እስከ» ነው፤ «እስከ 10 ሜጋ ቢት» ይባላል። «እስከ» ከዜሮ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ያቅፋል። የመዘግየቱ መጠን ደግሞ ጨርሶ አይጻፍም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙዩኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቁሞ ገበያውን ከፍቷል፤ ሳፋሪኮምም ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ገብቷል። ውድድር መምጣቱ መልካም ነው። የሚቀረው ተጠቃሚው የሚገዛውን ነገር በከተማው ልክ ተለክቶ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። አዲስ አበባ ላይ የተለካ ፍጥነት ለሐይቅ ሰው ምስክር ሊሆን አይችልም።

ሌላም አለ። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት መጻሕፍት የሚገለበጡበት፣ ከሩቅ አገር ተማሪ የሚመጣበት ማዕከል ነበር። በዘመኑ ቋንቋ ሰርቨሩ ሐይቅ ነበር ማለት ነው፤ ሌላው ነበር ወደ እኛ ደርሶ የሚመለሰው። ዛሬ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ዊንጉና ራክሲዮ ያሉ የግል የመረጃ ማዕከላት ተከፍተዋል። እንደ ኩኩሉ ያለ ጨዋታ የሠራው ቅኔ ጌምስን የመሰሉ የአገር ልጆችም አሉ። የጨዋታው ሰርቨር አዲስ አበባ ቢቀመጥ የሐይቁ ልጅ ርቀት 5 ሺሕ ኪሎ ሜትር መሆኑ ቀርቶ ጥቂት መቶ ይሆናል። ይህን የሚያመጣው የቤተሰብ ገንዘብ አይደለም፤ ፖሊሲ ነው።

ሦስተኛ ተከሳሽ፦ ማጥፊያው

ሦስተኛው ተከሳሽ ችሎት ቀርቦ አያውቅም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል፤ የተመለሰውም በየከተማው እየተቆራረጠ ነው። ከዚያ በፊት ትግራይ ከሁለት ዓመት በላይ ተዘግቶ ነበር። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ደግሞ መላው አገር ሦስት ሳምንት ያህል ጨልሟል። በእነዚያ ቀናት ምርጡም ኮምፒውተር ከጽሕፈት መኪና አይሻልም ነበር።

መንግሥት ጸጥታን ምክንያት አድርጎ ይከራከራል። ክርክሩን አልንቀውም። ደቡብ ወሎ በ2014 ዓ.ም. ያየችውን አይታለች፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የደረሰበት ዘረፋና ውድመት የሚረሳ አይደለም። የሕግ ሰው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 መረጃ የመቀበልንና የማሠራጨትን ነፃነት አውቋል። መብት የሚገደብ ከሆነ ማን እንዳዘዘ፣ ለምን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ የሚገልጽ በአደባባይ የወጣ ጽሑፍ ሊኖር ይገባል፤ ቅር የተሰኘም ሰው ፍርድ ቤት የሚሄድበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። ያለ ጽሑፍ የሚዘጋ ነገር ያለ ጽሑፍ እንደተዘጋ ይቀራል።

«ለጨዋታ ይህ ሁሉ?» የሚለኝ አይጠፋም። እህቴም ይህንኑ ብላኛለች። ጨዋታ ግን መዘግየትን ከማንም በፊት የሚያጋልጥ ምስክር ነው። ያው መዘግየት በቪዲዮ የሚካሄድ ችሎትን፣ ከሩቅ የሚያማክር ሐኪምን፣ ለውጭ ደንበኛ የሚሠራን ወጣት ያሰናክላል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ማውሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈተና ክፍል ውስጥ የጨበጠ የአምባሰል ልጅ፣ ሕፃንነቱን በጨዋታ ካሳለፈ የአዲስ አበባ ልጅ ጋር በእኩል ተፈተነ ሊባል አይችልም።

ፍርዱ

በመጨረሻ ላፕቶፑን ትቼ ዴስክቶፕ ገዛሁ። ዴስክቶፕ ሲበላሽ የተበላሸው ክፍል ብቻ ይለወጣል፤ በቀጣዩ ዓመት ካርዱን ብቻ ማሳደግም ይቻላል። መካከለኛ ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋ ባይት ራም በሁለት ቁራጭ፣ ኤስኤስዲ፣ መካከለኛ ግራፊክስ ካርድ፤ ሁሉም በሙሉ ስማቸው ደረሰኝ ላይ ተጽፈው። ከዋይፋይ ይልቅ በገመድ እንዲገናኝ 10 ሜትር የኔትወርክ ገመድ ጨመርኩበት። መብራት ሲሄድ እንዳይሞት ደግሞ ዩፒኤስ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙም 5 ሺሕ 150 ሜጋ ዋት ነው። ሆኖም ኃይል ማመንጨትና ሐይቅ ላይ ያለ ሶኬት ድረስ ሳይቆራረጥ ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ጠቅላላው ልጁ ከጠየቀው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ሆነ። ለእህቴ «ትምህርቱንም ይሠራበታል» አልኳት፤ እውነትም ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለ።

«ጋሼ፣ ሥዕሉ አሁን ውኃ ነው የሚመስለው። አይንተፋተፍም።»

«ታዲያ አሸነፍክ?»

«ንጋት ላይ አሸንፋለሁ። ማታ ማታ ግን ያው ነው።»

አንደኛውን ተከሳሽ እኔ በኪሴ ቀጥቼዋለሁ። ሌሎቹ ሁለቱ ግን በአጎት ደመወዝ የሚቀጡ አይደሉም። የሐይቁ ልጅ ንጋት ላይ ማሸነፍ መቻሉ ችሎታ እንዳልጎደለው አረጋግጧል። ማታ የሚሸነፍበትን ምክንያት የማስረዳት ግዴታ ከአሁን በኋላ የእሱ አይደለም።