ቀመሩ በሩን አያውቅም



ከመካከላችን ብዙዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአንድ የሪግሬሽን ቀመር ይዘጋሉ። ኮምፒዩተሩ ቍጥር ያወጣል፤ አር ስኩዌሩ ወደ 1 የተጠጋ ከኾነ መምህሩ ይፈርማል፤ ጓደኛ ያጨበጭባል። ቀመሩ ስለ ምን እንደሚናገርና እስከ የት ድረስ እንደሚታመን ግን ጠያቂ የለም። ይኸን ልማድ እንቃወማለን።

ለምሳሌ ሩቅ አንኼድም፤ ጣና ከደጃችን ነው። ወጪ = ሀ + ለ × ከፍታ ብለን እንጻፍ። ወጪ ከሐይቁ ወደ ዓባይ የሚወጣው ውሃ ነው። «ለ» የሐይቁ ከፍታ በአንድ ሜትር ሲጨምር ወጪው በአማካይ ስንት እንደሚጨምር ይነግረናል። «ሀ»ስ? ብዙዎቻችን «ከፍታው ዜሮ ሲኾን የሚወጣው ውሃ» ብለን እንገለብጣለን። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1786 ሜትር ገደማ ነው። ዜሮ ከፍታ ላይ የትኛው ጣና፣ የትኛው ዓባይ ይገኛል? «ሀ» እዚህ ላይ መስመሩን በቦታው የሚያቆም ቍጥር እንጂ የውሃ ልክ አይደለም።

የባሰው ግን ሌላ ነው። ቀድሞ ወጪውን የሚወስኑት የሐይቁ ከፍታና የመውጫው ዐለት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1996 የጨረጨራ ግድብ በሁለት በሮች ሥራ ጀመረ፤ በ2001 አምስት በሮች ተጨመሩለት። በ2010 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት ያለው የጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ ምዕራብ ውሃ መውሰድ ያዘ። እንግዲህ ወጪውን የሚያዘው የሰው እጅ ኾኗል። ከ1996 በፊት ከነበረው መዝገብ የወጣ ቀመር በሩን አያውቅም፤ የበፊቱንና የኋላውን ነጥብ በአንድ መስመር የሚያስር ሰውም ሁለት ሐይቅ እንደ አንድ ቈጥሯል።

ይኸ የወረቀት ጠብ ነው የሚል ካለ እ.ኤ.አ. 2003ን ያስታውስ። የዝናቡ ማነስና ለመብራት የተለቀቀው ውሃ ተደምረው ሐይቁን ከ1785 ሜትር በታች አወረዱት፤ ጀልባዎች አራት ወር ያህል ቆሙ፤ ደንገሉም ተጐዳ። በሐይቁ የሚኖር ሰው የሚከፍለው ለአማካይ ሳይኾን ለዚያች ለአንዷ ዓመት ነው።

ሪግሬሽንን አንጠላም። እንግሊዛዊው ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1886 የረጃጅም ወላጆች ልጆች በአማካይ ረጃጅም ቢኾኑም ወደ መካከለኛው ቁመት እንደሚጠጉ አሳየ፤ ስሙም ከዚያው «መመለስ» ከሚል ቃል መጣ። እርሱ የተናገረው ስለ ብዙዎች አማካይ ነው፤ ስለ እያንዳንዱ ልጅ አልማለም። በልኩ ለያዘው ቀመር ጥሩ አገልጋይ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። ማንኛውም ጽሑፍ መዝገቡ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት፣ ከየትኛው ከፍታ እስከ የትኛው ከፍታ እንደ ኾነ ይጻፍበት። በልኬቱና በመስመሩ መካከል ያለው ልዩነት በዓመት ተራ ይሣል፤ ከ1996 ወዲህ ያሉት ነጥቦች በአንድ ወገን ከተሰለፉ መስመሩ ተሰብሯል ማለት ነው። በመዝገቡ ዘመን ምን እንደ ተሠራ ይነገር። መምህራኖቻችንም ይኸ በሌለበት ወረቀት ላይ አትፈርሙ።

ነገ በውሃ ቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጠን በሩ ይከፈት፣ ይዘጋ የምንለው እኛው ነን። ያን ጊዜ ሐይቁ አር ስኩዌራችንን አይጠይቀንም።