ሥራ የሚውል ሰው ትንሽ ውሻ ማሳደግ ይገባዋልን?

(ከ12ኛ ክፍል ተማሪ)

በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ብዙ ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ አገር ፍቅርና ስለ ጊዜ አጠቃቀም እንደሚጽፉ ዐውቃለሁ። እኔ የማነሣው ጉዳይ ግን በመጀመሪያ ሲያዩት ትንሽ የሚመስል ነው። ይኸውም ቀኑን ሙሉ በሥራ ላይ የሚውል ሰው በቤቱ ውስጥ ትንሽ ውሻ ሊያሳድግ ይገባዋልን? የሚል ጥያቄ ነው። ጥያቄው ያሥቃችሁ ይሆናል። ነገር ግን በእኛ ቤት በዚህ ጉዳይ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንከራከር ሰንብተናል፤ ከዚያም በፊት እኔ ራሴ በዚሁ ነገር አንድ በደል ፈጽሜ ስለ ነበረ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታችን የምትኖረው በደብረ ብርሃን ሲሆን እኔ ለትምህርት ብዬ በአዲስ አበባ ከታላቅ እኅቴ ጋራ እኖራለሁ። እኅቴ በሒሳብ ሥራ ተቀጥራ ትሠራለች። ቤታችንም በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ላይ፣ በአራተኛው ፎቅ ነው። እኔ በዚህ ዓመት የማጠቃለያውን ፈተና አልፌ እንደ ሆነ፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ወደ ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ፤ የምመደብበትም ከተማ ሩቅ ሊሆን ይችላል። አንድ ማታ ራት ስንበላ እኅቴ፣ «አንቺ ስትሄጂ ቤቱ ጭር ይልብኛል፤ አንድ ትንሽ ውሻ ባመጣስ ምን ይመስልሻል?» አለችኝ። እኔም ወዲያው ልመልስላት አልቻልኩም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ነገሩን አስቀድመን እንመርምረው ብያት ተነሣሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የእኅቴ ምኞት የሚናቅ አለመሆኑን መናገር እወዳለሁ። ማታ በሩን ሲከፍቱ የሚቀበል ፍጥረት መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ውሻ ጌታውን በደመወዙና በልብሱ አይመዝንም፤ የዋለበትን ቂምም ይዞ አይቆይም። በትልቅ ከተማ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሠራተኛ በየዕለቱ ብዙ ሕዝብ እያየ ማታ ግን የሚያነጋግረው ሰው ላይኖር ይችላል። ስለዚህ «ውሻ ለምኔ ብላ ነው?» ብሎ መሣቅ ብልኅነት አይደለም። ጥያቄው ውሻው ለእኅቴ ይጠቅማታል ወይ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ እኅቴ ለውሻው ትበቃዋለች ወይ የሚለውም ጭምር ነው።

አንዳንድ ሰዎች «አያቶቻችን ሁሉ ውሻ ያሳድጉ ነበር፤ ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘና ነው ይህን ያህል ምርመራ?» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ በአያቴ ግቢም ውሻ ጠፍቶ አያውቅም። ይሁን እንጂ ልብ ብለን ብንመለከት በዚያ ግቢ ውስጥ ሰውም ጠፍቶ አያውቅም ነበር። አያቴ ከቤት አትወጣም፤ ልጆች ይገባሉ ይወጣሉ፤ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ይመጣል። ውሻውም ከአጥሩ ሥር ይተኛል፤ ሲፈልግ ይሮጣል፤ ኮቴ ሲሰማ ይጮኻል፤ ለመጮኹም ይመሰገናል። በዛሬው ጊዜ የውሻው ጠባይ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእኛ አኗኗር ነው። በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት አጋማሽ ወዲህ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለብዙ ቤተሰብ መጠለያ ሆነዋል። ነገር ግን ብዙዎቹ ባለ አራት ፎቅ ሲሆኑ አሳንሰር የላቸውም፤ በየቤቱም አጥር ያለው የግል ግቢ የለም። ስለዚህ አያቴን ምሳሌ አድርገን የምንከራከር ከሆነ የአያቴንም ግቢ አብረን ማምጣት ይኖርብናል።

ሌሎች ደግሞ «ታላላቅ ሰዎችም ትንሽ ውሻ ይወዱ ነበር» ብለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሉሉን ይጠቅሳሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ስም የሚጠራ ትንሽ ውሻ እንደ ነበራቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን በቤተ መንግሥት ውስጥ ጌታው ለሥራ ሲወጣ የሚመግብና የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም። እኅቴ ግን ለሥራ ስትወጣ በቤት የሚቀረው ግድግዳው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ ቁጥር እንምጣ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህ በወረቀት ላይ ያለው ነው። ነገር ግን የአዲስ አበባን የታክሲ ሰልፍ የሚያውቅ ሁሉ የሥራ ቀን 8 ሰዓት ብቻ እንዳልሆነ ይመሰክርልኛል። እኅቴ ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ወጥታ ማታ በ1 ሰዓት ትመለሳለች። ይህም 12 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። አንድ ቡችላ ሽንቱን ይዞ ሊቆይ የሚችለው በግምት በዕድሜው ወር ልክ ነው፤ የሁለት ወሩ ሁለት ሰዓት ያህል፣ የሦስት ወሩ ሦስት ሰዓት ያህል ማለት ነው። ጤነኛ የሆነ ያደገ ውሻም ቢሆን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ለሚበልጥ ጊዜ ለብቻው ባይተው መልካም እንደ ሆነ የእንስሳት ሐኪሞች ይመክራሉ። እንግዲህ 12 ሰዓት ተኩሉን ከዚህ ጋራ ማስተያየት ለማንም ተማሪ አያስቸግርም።

«ትንሽ ውሻ ትንሽ ነገር ይበቃዋል» የሚለውም አስተሳሰብ ያሳስታል። ሰውነቱ ትንሽ የሆነ ውሻ ፊኛውም ትንሽ ነው። ዕድሜው ግን ከትልልቆቹ ይበልጥ ይረዝማል፤ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 15 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይኖራል። ዛሬ ቡችላ የምታመጣ የ26 ዓመት ሴት አርባ ዓመት እስኪሞላት ድረስ ኃላፊነት ልትሸከም ትችላለች። በዚህ መካከል ትዳር አለ፤ የሥራ ዝውውር አለ፤ የቤት ለውጥ አለ። ለእነዚህ ሁሉ ውሻው አብሮ ይታሰባልን?

የምግቡም ነገር እንዲሁ ነው። በእኛ አገር ልማድ ውሻ የሚበላው ከገበታ የተረፈውን ነው። ነገር ግን ሽንኩርት የሌለበት ወጥ በየትኛው ቤት ይገኛል? ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል፤ ሰውነቱ ትንሽ ለሆነ ውሻ ደግሞ ጥቂቱም ይበዛበታል። ቸኮላትና ዘቢብ መርዝ ይሆኑበታል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰባብሮ ጉሮሮውንና አንጀቱን ሊወጋው ይችላል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን እኛ ሽሮና ምስር ስንበላ ውሻው አብሮን ይጹም ማለት አይቻልም፤ የእርሱን ምግብ ለብቻ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። በበዓልም ቀን በበጉ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሲገኝ ለውሻ ወርውሮ መስጠት ትልቅ ስሕተት ነው። ምክንያቱም በዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው ትል በውሻው አንጀት ውስጥ ይራባል፤ እንቁላሉም ከውሻው ወደ ሰው ተላልፎ በጉበትና በሳንባ ላይ ከባድ በሽታ ያመጣል።

ስለ እብድ ውሻ በሽታም አንድ ቃል ልናገር። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 የዚህን በሽታ ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ከሰጠ ከ140 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ በሽታው ዛሬም በአገራችን ሰው ይገድላል፤ ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየም በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ለሰው የሚተላለፈውም አብዛኛውን ጊዜ በውሻ ንክሻ ነው። ስለዚህ ቡችላ ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው መከተብ አለበት፤ ክትባቱም ሐኪሙ ባዘዘው ጊዜ ይደገማል። ለዚህ ጊዜና ገንዘብ የሌለው ሰው ውሻ አለኝ ሊል አይገባውም።

እስከ አሁን እንደ መምህር ስናገር ቆየሁ። አሁን ግን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ አንዲት ጓደኛዬ የአምስት ሳምንት ቡችላ ሰጠችኝ። ቡችላ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ከእናቱ ጋራ መቆየት እንዳለበት አላውቅም ነበር። እኅቴን አልቅሼ አስፈቀድኳት፤ «ሁሉን ነገር እኔ አደርጋለሁ» ብዬም ማልኩላት። ስሙን ኩቲ አልነው። የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እኔ ትምህርት ቤት፣ እኅቴ ሥራ ስንውል ኩቲ በረንዳ ላይ ተዘግቶ ይውል ጀመር። ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ከጎናችን የሚኖሩት ሴት የሌሊት ተረኛ ነርስ ስለ ሆኑ የሚተኙት ቀን ነበር። በመጀመሪያ በትሕትና ነገሩን፤ በሁለተኛው ጊዜ እያለቀሱ ነገሩን፤ በሦስተኛው ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ኮሚቴ አመለከቱ። እኔም ፈተና ደርሶብኝ ስለ ነበረ መሐላዬን ረሳሁ።

በሁለት ወሩ ኩቲን ከከተማው ዳር ሰፊ ግቢ ላላቸው አንድ ሰው ሰጠነው። ከወር በኋላ ልጠይቀው ብሄድ፣ «በሩ ተከፍቶ ሲያገኝ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም» አሉኝ። ሰውየውን አልወቅሳቸውም። የተቀበሉት ውሻ በቅጡ ያልተገራ፣ በረንዳ ላይ የተረሳ ነበር፤ የረሳሁትም እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ በታክሲ ሰልፍ አጠገብ አቧራ የለበሰ ትንሽ ውሻ ባየሁ ቁጥር ጆሮውን አተኩሬ አያለሁ። የኩቲ አንደኛው ጆሮ ነጭ ነበር።

ስለዚህ እኅቴ ጥያቄዋን ባቀረበች ጊዜ አንድ ሐሳብ አመጣሁላት። ውሻ ሳናመጣ ውሻ እንዳለ ቆጥረን አንድ ሳምንት እንኑር አልኳት። እኔ እንደሌለሁ ሆኖ፣ እኅቴ ብቻዋን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ማለዳ፣ ቀትርና ማታ አራቱን ፎቅ ወርዳ ግቢውን ትዞራለች፤ እኔም በደብተር እመዘግባለሁ። በሳምንት 21 ጊዜ መውረድ ነበረባት። የወረደችው 12 ጊዜ ነው። ማለዳ አንድ ቀን እንቅልፍ አሸነፋት። ቀትር ላይ ከሰኞ እስከ ዓርብ አምስቱንም ቀን አልተቻለም። ማታ ሁለት ቀን የወር መጨረሻ ሒሳብ ስለ ነበረ አምሽታ ገባች፤ አንድ ቀን ደግሞ መብራት ጠፍቶ በጨለማ ደረጃ ለመውረድ ፈራች። እኅቴ ደብተሩን ተቀብላ ጥቂት ካየች በኋላ፣ «እንግዲህ ዘጠኝ ጊዜ ምንጣፌ ላይ ነዋ!» ብላ ሣቀች። ከሣቁ በኋላ ግን ዝም አለች፤ የሚያሳስባት ብቸኝነቷ በቁጥር አልተወገደላትምና።

«በውጭ አገር ሠራተኛው ሁሉ ውሻ አለው፤ ይኸ ሁሉ ችግር ከየት መጣ?» የሚሉ አይታጡም። በእነዚያ አገሮች ውሻን በቀትር መጥቶ የሚያንሸራሽር ሰው በገንዘብ ይቀጠራል፤ ቀን የሚውሉበትም ቤት አለ። እንግዲህ እዚያም ቢሆን ሥራ የዋለ ሰው ውሻውን ብቻውን አላሳደገውም ማለት ነው፤ ሌላ እጅ አግዞታል። እኛም ከፈለግን ሌላ እጅ መፈለግ አለብን። ለዚህም በአገራችን ጎረቤት የሚባል ነገር ገና አልጠፋም።

በግቢያችን በር፣ ከጥበቃው ቤት አጠገብ፣ መከታ የሚባል ያደገ ውሻ አለ። ሁሉም ፍርፋሪ ይጥልለታል፤ ነገር ግን ማንም አላስከተበውም። እኅቴና እኔ በየደረጃው እየዞርን ጎረቤቶቻችንን ጠየቅን፤ 14 ቤተሰብ ገንዘብ አዋጡ። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይህ ነው። የእንስሳት ሐኪም ጠርተን አስከተብነው፤ የትል መድኃኒትም ተሰጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኅቴ ማታ ስትመለስ ምግቡን ይዛለት ትሄዳለች፤ ከጥበቃው ከጋሼ ጋራም ዐሥር ደቂቃ ተቀምጣ ትጫወታለች። መከታ ከሩቅ በአረማመዷ ለይቶ ያውቃታል። ካዋጡት ሰዎች አንዷ ነርሷ ጎረቤታችን ነበሩ። ከኩቲ ወዲህ በቅጡ ሰላም ብለውን አያውቁም ነበር፤ ያን ቀን ግን ቡና ጠሩን።

እኅቴ የራሷን ውሻ ፈጽማ አልተወችም። «የዛሬ ዓመት እንደገና እናየዋለን» ብላለች። እኔም እንደ ሐሳቤ፣ ያን ጊዜ የምታመጣው ቡችላ ሳይሆን ያደገና ጠባዩ የታወቀ ውሻ ቢሆን፣ ከማምጣቷም በፊት የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ብትጠይቅ፣ በሁለተኛው ፎቅ ቀኑን ሙሉ በቤት የሚውሉት እማማም በቀትር ሊያዩላት ቢስማሙ፣ አልቃወማትም። ይህ ካልተሟላ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል፤ ዕዳውንም የሚከፍለው መናገር የማይችለው እንስሳ ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ከእኛ ብዙዎቻችን ነገ ሥራ እንይዛለን፤ በተከራየነውም ቤት ብቻችንን እንሆናለን፤ ያን ጊዜ አንድ ትንሽ ፍጥረት ወደ ቤት ለማምጣት ልባችን ይመኛል። መመኘቱ ነውር የለውም። ነገር ግን ከማምጣታችን በፊት አንድ ደብተር እንግዛና አንድ ሳምንት እንመዝግብ፤ ቀትር ላይ ማን እንደሚኖር እንጠይቅ፤ ለዐሥራ አምስት ዓመት የምንምለው መሐላ እንደ ሆነም እናስብ። እኔ ይህን ሳላደርግ ማልኩ፤ ነጭ ጆሮ ያለውንም ውሻ እስከ ዛሬ እፈልጋለሁ።