መቶውን ቆጠሩ፣ ልጁንስ?

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2001 ኮሎምቦ ላይ መሐመድ አሽራፉል የተባለ የ17 ዓመት የባንግላዴሽ ልጅ በመጀመሪያ የቴስት ጨዋታው 114 ነጥብ አስቆጠረ። እስከ አምስት ቀን በሚዘልቀው በዚህ የክሪኬት ዓይነት በዚያ ዕድሜ መቶ የሞላ ማንም አልነበረም። የፓኪስታናዊው ሙሽታቅ መሐመድ ክብረ ወሰን ከ40 ዓመት በኋላ ተሰበረ። እሺ፣ ጨዋታውን ማን አሸነፈ?

ስሪላንካ ናት፤ ያውም በአንድ ኢኒንግ (የመምታት ተራ) እና በ137 ነጥብ። ባንግላዴሽ በመጀመሪያ ተራዋ በ90 ነጥብ ተጠራርጋ ወጥታ ነበር። ስሪላንካ አምስት ተጫዋቾቿ ብቻ ወጥተውባት 555 ስትደርስ በቃኝ አለች። ልጁ በሁለተኛው ተራ ሲገባ ጨዋታው አብቅቶለታል። ኳስ የሚወረውርበት ደግሞ ሙቲያ ሙራሊታራን ነው፤ በእጅ አንጓው ጠምዝዞ የሚለቃት ኳስ ወዴት እንደምትታጠፍ አንጋፋዎቹም ግራ ይገባቸዋል። አሽራፉል እግሩን እያንቀሳቀሰ ወደፊት ወጥቶ፣ ኳሷ ሳትታጠፍ ደርሶባት ይመታት ነበር። የጨዋታው ኮከብነት ለሁለቱ በጋራ ተሰጠ። የልጁ ችሎታ ጥያቄ የለውም፤ ጥያቄው ያለው በዙሪያው ከነበሩት ዘንድ ነው።

ባንግላዴሽ የቴስት አገር የሆነችው በጁን 2000፣ ጃግሞሃን ዳልሚያ ዓለም አቀፉን የክሪኬት ምክር ቤት በሚመሩበት ዘመን ነው። በ1999 የዓለም ዋንጫ ፓኪስታንን አሸንፋለች፤ የሕዝቧም ፍቅር እውነተኛ ነበር። ግን ያኔ የአገር ውስጥ ሊጓ ገና የአንደኛ ደረጃ ዕውቅና እንኳ አልነበረውም። ቤቱ ሳይሠራ ጣሪያው ለምን ቀደመ? «አልደረሱም» ለሚሉ ተቺዎች መልስ ሲፈለግ የአንድ ታዳጊ ውጤት ማስረጃ ሆኖ መቅረቡስ የማንን ሥራ አቀለለ?

«ቴንዱልካርም እኮ በ16 ዓመቱ ነው የጀመረው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ነገር ግን ሳቺን ቴንዱልካር ሕንድን ወክሎ ከመሰለፉ በፊት ከ1930ዎቹ ጀምሮ በሚካሄደው የራንጂ ዋንጫ ለቦምቤይ ተጫውቷል፤ ያውም በመጀመሪያ ጨዋታው መቶ አስቆጥሮ። ብሔራዊ ቡድኑ ውስጥ ሲገባም እንደ ካፒል ዴቭ ያሉ አንጋፋዎች ነበሩ። እሱ ሲወድቅ ሌላው ይቆማል። አሽራፉል ሲወድቅስ ማን ነበር የሚቆመው? አንድ እንጨት አይነድም ሲባል አልሰሙም ይሆን? ባንግላዴሽ የመጀመሪያ የቴስት ድሏን ያገኘችው በጃንዋሪ 2005፣ በ35ኛ ጨዋታዋ ነው።

ልጁም ሁለተኛውን የቴስት መቶ ለመድገም እስከ ዲሴምበር 2004 ቆየ። በሕንድ ላይ ሳይወጣ 158 አስቆጠረ፤ ቡድኑ ግን አሁንም ተሸነፈ። በጁን 2005 ካርዲፍ ላይ የመታው መቶ አውስትራሊያን ሲጥል ዓለም ጉድ አለ። ከእነዚህ ቀናት መካከል ግን ብዙ ባዶ ቀን አለ፤ በጥድፊያ የተመታ ኳስ፣ ወዲያው የተያዘ ኳስ፣ ተመልሶ ወደ መቀመጫ። እያንዳንዱ ድንቅ ቀን ያለፈውን ድክመት ሁሉ እያስረሳ ከሆነ፣ የሚያርመው ሰው መቼ ይናገር?

ይባስ ብሎ በ2007 ቡድኑን እንዲመራ አምበልነቱ ተሰጠው። ገና 23 ዓመት እንኳ አልሞላውም። የራሱ አጨዋወት ያልረጋለትን ወጣት ሌላ አሥር ሰው ምራ ማለት ምን የሚሉት ማሳደግ ነው? በ2009 ኃላፊነቱ ተነጠቀ።

በ2013 በባንግላዴሽ ፕሪሚየር ሊግ የጨዋታ ማጭበርበር ውስጥ እጁ እንዳለበት አመነ፤ የተጣለበት የ8 ዓመት እገዳ በይግባኝ ወደ 5 ዝቅ አለ። ለዚህ ራሱ ተጠያቂ ነው፤ ያኔ ልጅ አልነበረም፣ 28 ዓመቱ ነበር፤ ዕድሜውን ማመካኛ ላደርግለት አልፈልግም። ከዚያ በፊት ስላለፉት 12 ዓመታት ግን የክሪኬት ቦርዱ ምን ይላል? 61 ቴስት፣ ስድስት መቶዎች፣ አማካይ ውጤት 24። ሙራሊታራንን በ17 ዓመቱ እንደዚያ የተጋፈጠ ተጫዋች በ24 አማካይ ሲጨርስ፣ ተሰጥኦውን የተረከቡት ሰዎች ሥራቸውን አልሠሩም ማለት ነው።