መብራት ሁለቴ ብልጭ ሲል

በአገር አቋራጭ መንገድ የተጓዘ ሰው ሁሉ ምልክቷን ያውቃታል። ከፊት የሚመጣው መኪና በጠራራ ፀሐይ መብራቱን ሁለቴ ብልጭ ያደርጋል። ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ያነሳል፣ ቀበቶውን ይስባል፤ ረዳቱ ትርፍ የተጫነውን ሰው «ዝቅ በል» ይለዋል። ከኩርባው ወዲያ ትራፊክ ፖሊሱ ራዳሩን ይዞ ቆሟል። መኪናው ሙሽራ የጫነ ይመስል በዝግታ ያልፋል። ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይርቅ ፍጥነቱ ወደነበረበት ይመለሳል። ሹፌሩም በተራው ከፊቱ ለሚመጣው ብልጭ ያደርጋል፤ ውለታ ነውና ይመለሳል።

በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል እንዲህ ያለ መተማመን በዚህ አገር ብዙ ቦታ አይገኝም። ብሔር አይጠየቅም፣ የመኪናው ዋጋ አይታይም። ሊያስቀና የሚችል ነገር ነበር፤ የሚተባበሩት በምን ላይ እንደሆነ ባይታወቅ።

የሚሸሹት መሣሪያ ራሱ ተለውጧል። የቆየው ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ የሚንቀሳቀሰውን መኪና ነክቶ ሲመለስ ድግግሞሹ ይቀየራል፣ ከለውጡም ፍጥነቱ ይሰላል። ሞገዱ እየራቀ ሲሄድ ስለሚሰፋ ግን ብዙ መኪና ጎን ለጎን በሚሄድበት መንገድ «እኔ አይደለሁም፣ ያ ቪትዝ ነው» ብሎ ለመከራከር በር ይከፍት ነበር። ሌዘሩ ይህን በር ዘግቶታል። በ300 ሜትር ርቀት ላይ የጨረሩ ስፋት አንድ ሜትር ቢሆን ነው። አንዱን መኪና ለይቶ፣ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ለክቶ ይጨርሳል። ካሜራ የተገጠመለት ከሆነ ታርጋውንና ሰዓቱን አብሮ ያስቀራል። ውጭ አገር የሚሸጠው «ራዳር አለ» ብሎ የሚጮህ መሣሪያ በሌዘር ፊት ብዙም አይረዳም፤ ሲጮህ ልኬቱ አልቋል። ከጎን ቆሞ የሚለካ ፖሊስ በማዕዘኑ ምክንያት ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ ያለ ቁጥር ነው የሚያነበው። ስለዚህ «ጎን ሆኖ ለክቶ አበዛብኝ» የሚለው ቅሬታ በፊዚክስ አይደገፍም።

ያም ሆኖ መሣሪያው ምንም ያህል ቢራቀቅ የሚለካው የቆመበትን ቦታ ብቻ ነው። ብልጭታዋ ደግሞ የምታሳውቀው ያንኑ ቦታ ነው። ውድ ዋጋ የወጣበትን ቴክኖሎጂ አንዲት የፊት መብራት ታሸንፈዋለች።

ጉዳዩ የጨዋታ እንዳይመስል፣ የፍጥነት ሂሳቡ ጨካኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመኪና ፊት የተገጨ እግረኛ የመሞት ዕድሉ ፍጥነቱ ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያድግ አራት ከግማሽ እጥፍ ይጨምራል። ልዩነቱ 15 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሹፌር «ትንሽ ነው ያለፍኩት» የሚላት። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ ደግሞ እግረኞች ናቸው። መብራት ተበርቶላቸው የማያውቁ፣ ከኩርባው ወዲያ ምን እንደሚመጣ ማንም የማያስጠነቅቃቸው እነሱ ናቸው።

ብልጭ የሚያደርገውን ሹፌር ልቅሰፍ ነው ብሎ መኮነን ግን ነገሩን አይፈታውም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ሚዙሪ አንድ የፌዴራል ዳኛ አንዲት ከተማ በዚህ ምክንያት ሹፌሮችን እንዳትቀጣ አግዷል። ብልጭታ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ጥበቃ ሊያገኝ ይችላል፣ ሌላውን ሰው ቀስ በል ማለትም ነው የሚል ነበር ክርክሩ። አባባሉ እውነት አለው። የፖሊሱ ዓላማ መኪናው እንዲቀዘቅዝ ከሆነ ብልጭታው ዓላማውን አሳክቶለታል፤ ችግሩ ለሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ መሆኑ ነው። ዛፍ ጥላ ሥር ተደብቆ የሚለካ ፖሊስ ግን ሹፌሩን የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነው፤ ሕጉ ያለው ፖሊሱ ባለበት ብቻ መሆኑን። ከዚያ «እንነጋገር» የሚባለው አለ። ቅጣት በቴሌብር መክፈል ከተቻለ ወዲህም ቢሆን፣ መንጃ ፈቃድ ከእጅ ወደ እጅ እስካለፈ ድረስ መነጋገሪያው ቦታ አልጠፋም።

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖች ይህን መነጋገር አያውቁትም። ካሜራው ምሰሶ ላይ ነው፤ ከተፈቀደው 11 ማይል ያለፈ ሰው የ100 ዶላር ደረሰኝ በፖስታ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። በእርግጥ እነሱም ዌዝ አላቸው፤ ስልካቸው «ካሜራ ቀርቧል» ሲል ቀስ ይላሉ፣ ሲያልፉ ይለቁታል። ብልጭታዋ ስልክ ውስጥ ገባች እንጂ አልጠፋችም።

ብልጭታ የማያሸንፈው አንድ አሠራር አለ፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ መለካት። መኪናው ሲገባ ሰዓቱ ይመዘገባል፣ ሲወጣም ይመዘገባል፣ ርቀቱ ለጊዜው ይካፈላል። ጣሊያኖች ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በክፍያ መንገዶቻቸው ላይ ይሠሩበታል። ከኩርባው ጀርባ ማን እንዳለ ማወቅ ለማንም አይጠቅምም፤ ያለው አማራጭ መንገዱን በሙሉ በልኩ መንዳት ነው።

በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ለዚህ የተመቸ ነው። መግቢያና መውጫው በር አለው፣ ከፍተኛው ፍጥነት 120 ነው። 80 ኪሎ ሜትር በ120 ሲኬድ 40 ደቂቃ ይፈጃል። በ28 ደቂቃ የደረሰ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ በአማካይ ከ170 በላይ ነድቷል። ለዚህ ሂሳብ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ይበቃል፣ ሌዘርም አያስፈልግም። ከተማ ውስጥና በገጠር መንገድ ነገሩ ይከብዳል፣ ካሜራም የሚያነበው ታርጋ ንጹሕና ትክክለኛ መሆን አለበት፤ ጭቃ የተቀባውን ታርጋ ሁሉም ያውቀዋል። መጀመር ያለበት ግን ከሚቻለው ነው።

ደግሞ ማን ነው የሚቀጣው? ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ ስም ያወጣለት ያለ ምክንያት አይደለም። ስሙ ሹፌሩ ላይ ተለጠፈ እንጂ ፍጥነቱን የሚወስነው ብዙ ጊዜ መኪናው ውስጥ የሌለ ሰው ነው። ጫት ቅጠሉ ሳይጠወልግ መድረስ አለበት። የሚኒባሱ ሹፌር ማታ ለባለቤቱ የሚያስገባው ሂሳብ አለው፤ ከዚያ በላይ ያለው ነው የልጆቹ ዳቦ። በንግድ መኪኖች ላይ የፍጥነት መገደቢያ እንዲገጠም መመሪያ ከወጣም ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ መንገድ ዳር የሚቆመውና መንጃ ፈቃዱን የሚያስረክበው ሹፌሩ ነው። ሂሳቡን የወሰነው፣ የመድረሻ ሰዓቱን የቆረጠው ባለቤት በዚያ ሰዓት ቤቱ ነው። ቅጣቱ በታርጋ በኩል ተሰልቶ፣ የሹፌሩ ድርሻ ለሹፌሩ፣ የባለቤቱ ለባለቤቱ ስልክ ቢደርስ፣ በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ስለ መነሻ ሰዓቱ የሚነጋገሩት ሌላ ይሆን ነበር።