ከጓሮአችን፦ ጤና አዳም

ጤና አዳም ቢጫ አበባ አለው። አንዴ ከያዘ ብዙ ዓመት ይኖራል። ድርቅ ይችላል፤ ውኃ ከተኛበት ግን ሥሩ ይበሰብሳል።

እንዴት እንትከለው? ክረምት ሲገባ ስንዝር የሚያህል ቅርንጫፍ ቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል አራግፉ። ፀሐይ በሚያገኝ፣ ውኃ በማይተኛበት ቦታ ትከሉት። እስኪይዝ ድረስ አፈሩ አይድረቅ። ከያዘ በኋላ አረሙን ንቀሉ፤ የደረቀውን ቅርንጫፍ ቁረጡ።

ቅጠሉን ቡና ላይ ጣል እናደርጋለን። ፍሬው በርበሬ ውስጥ ይገባል። ግን ሁለት ነገር እንወቅ።

አንደኛ፦ ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ይቃጠላል፤ ውኃ ይቋጥራል። ከቆረጣችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ሁለተኛ፦ ነፍሰ ጡር ሴት ጨምቃ ወይም አፍልታ አትጠጣው፤ ሊያስወርዳት ይችላል። ሆዷን ቢቆርጣት ጤና ጣቢያ ውሰዷት።

ይህን ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለት።